ሦስት እርሳስ እጅጌ

ሹራብ ስሠራ አርባ ዓመት አልፎኛል። የሚለብሰውን ሰው አንድም ቀን ሳላየው የሠራሁት ግን አንዱን ብቻ ነው፤ የማወጋችሁ የእሱን ነገር ነው።

ነርሷ ልጄ ያገባችው ሚስቱ የሞተችበትን ሰው ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ምሰሶ ላይ ሲወጣ የሚውል፣ ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ፣ ሲስቅ ጎረቤት የሚሰማው ደግ ሰው። ከሟቿ ሚስቱ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለችው። ከእኔ ልጅ ደግሞ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጅ ወልዷል፤ ልጄ እኛ ዘንድ መጥታ ነው የታረሰችው። የሚኖሩት ተራራ ላይ ባለች ከተማ ነው፤ ከእኛ ዘንድ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል። ውጭ ያደረ የባልዲ ውሃ ጠዋት ላዩ መስተዋት ሆኖ ይገኛል ይሉናል። እኔና ባለቤቴ አንዴ የእሱ ጉልበት፣ አንዴ የእኔ ወገብ እያልን ሳንሄድ ሦስት ዓመት አለፈ። ልጅቷም ለሠርጉ ሳትመጣ አክስቷ ዘንድ ስለቀረች ዓይኗን አይተን አናውቅም።

በዚያ ዓመት ግን ለበዓሉ እረፍት እንሄዳለን ብለን ቆረጥን። እኔም ሦስት ወር ሲቀረው የሱፍ ክሬን ገዝቼ መስኮት ሥር ተቀመጥኩ። ለአማቼ ጥቁር ሰማያዊ፣ ለልጄ ደማቅ ቀይ፣ ለሕፃኑ ቢጫ፣ ለእኔው ሽማግሌ ግራጫ። አምስተኛው ክር አረንጓዴ ነበር።

ልጄ የሁሉንም ልክ በስልክ ነገረችኝ። ባሏ አልቆምም ቢላት ተኝቶ ሳለ ነው አሉ ሜትር ያዞረችበት።

«የልጅቷስ?» አልኳት።

«እማዬ፣ የእሷን ተዪው።»

«ምን ማለት ነው እሱ? አራት ሰው አዲስ ለብሶ አንዷ ቁጭ ብላ ልታይ?»

«አትለካማ! ሜትር ይዤ ስጠጋት ግድግዳ ነው የምትሆነው። ብትለካም እውነቱን አትነግርሽም። ምሳሽን በላሽ ስላት በላሁ ትለኛለች፤ ምሳ ዕቃዋን ስከፍተው እንደ ሞላ ነው። ምን አደከመሽ፣ እናንተ ስትመጡ እዚህ አትኖርም። አክስቴ ጋ ነው የምከርመው ብላለች። አባቷም እሺ አላት። በመጣችሁ ማግሥት ጠዋት አክስትየዋ መጥታ ትወስዳታለች።»

ስልኩን ዘጋሁና ለባለቤቴ ነገርኩት። ጡረታ የወጣ አናጢ ነው፤ ቤት ውስጥ ያልተነቃነቀ ወንበር ካገኘ ነቅንቆ ይጠግነዋል።

«እኛ ስንገባ ልጅ የሚወጣ ከሆነ ምኑን ሄድነው?» አልኩት።

የተቀመጠበትን ወንበር አነቃነቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ እሷው ጋ ሆነ። ሰው ሲጠጋት ግድግዳ የምትሆን ልጅ ምን ትመስላለች? ምሳዋን ሳትበላ በላሁ የምትለው ምግቡ አልጥም ብሏት ነው ወይስ ጠያቂዋ? በዚህ ዕድሜዬ የሰው ነገር ለማወቅ እንዲህ ጓጉቼ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ልጄ ጋ ስደውል ያነሳችው እሷ ሆነች።

«ሕፃኑን እያጠበች ነው» አለች፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ይሁን፣ እጠብቃለሁ» አልኳት። ስልኩን ትከሻዬና ጆሮዬ መሃል ሰክቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ትዘጋዋለች ብዬ ነበር፤ አልዘጋችም። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ምንድን ነው ቀጭ ቀጭ የሚለው?»

«መርፌዎቼ ናቸው።»

«ሰው ይወጋሉ?»

«ማንን ልውጋ፣ የኔ እናት! የሹራብ መርፌ ነው። ለባለቤቴ እየሠራሁ ነው።»

«ክሩ አንድ ብቻ ነው አይደል?» አለች።

«አንድ ብቻ ነው።»

«አንድ ክር እንዴት ልብስ ይሆናል?»

አያችሁ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ስንቱን ሳለብስ ይህንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አማረብኝ፣ ሰፋኝ፣ ኮሰኮሰኝ ይሉኛል እንጂ። መርፌዬን አስቀመጥኩና ነገርኳት። ክሩን ቀለበት ታደርጊዋለሽ፣ በእሱ ቀለበት ውስጥ ሌላ ቀለበት ታሾልኪያለሽ፣ አዲሱ አሮጌውን እንዳያመልጥ ይይዘዋል፤ እንዲህ እያለ ሺህ ቀለበት ሲደራረብ እጅጌ ይሆናል፣ አንገት ይሆናል።

«የመጨረሻውንስ ቀለበት ማን ይይዘዋል?»

«እሱን እኔ እቋጥረዋለሁ።»

«ቋጠሮው ተፈትቶ ቢሳብስ?»

«ሁሉም ይተረተራል።»

«ሁሉም?»

«አንድ ቀለበት አይተርፍም።»

ይሄ ነገር ደስ አላት መሰለኝ፣ ትንፋሿ ለወጥ አለ። ቀጥላ፣ «ለእኔም ሊሠሩ ነው?» አለች።

«ክሩንስ ገዝቻለሁ። ልክሽን አላውቅም እንጂ።»

«እኔን ማንም አይለካኝም።»

«እኔ ምን ወጣኝ? እዚህ ሆኜ እጄ አይደርስ።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ሰማሁ። አንድ መሳቢያ ተከፈተ፣ ወንበር ተገፋ፣ ኮቴዋ ሄዶ መጣ።

«በእርሳሴ ለካሁት» አለች ስትመለስ። «አዲስ እርሳስ ነው፣ ዛሬ ነው ከካርቶኑ የወጣው። ጭራው ላይ ላጲስ የሌለው። ላጲስ ያለው ይረዝማል፣ እንዳይሳሳቱ። ደረቴን ዙሪያውን በክር ጠምጥሜ ክሩን በእርሳሱ ስለካው አራት እርሳስ ሊሞላ የጥፍር ያህል ይቀረዋል። ቁመቱ ሁለት እርሳስ ተኩል።»

«እጅጌውስ? ከብብትሽ እስከ እጅሽ አንጓ...»

ከወዲያ የልጄ ድምፅ መጣ፣ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ይላል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጧ ብሎ ተጣለ።

ባለቤቴ ሁሉንም ሰምቷል። «ሜትር የሚባል ነገር ተፈጥሯል እኮ!» አለ። «ደውይና ማስመሪያ ፈልጊ በያት። በእርሳስ ተለክቶ ልብስ ይሠራል?»

«ሌላ ነገር ፈልጊ ካልኳት ሁለተኛ አታነሳውም። በእርሳስ ሰጠችኝ፣ በእርሳስ እቀበላታለሁ።»

በማግሥቱ የጽሕፈት ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። «ያልተቀረጸ እርሳስ፣ ላጲስ የሌለው» አልኩት ባለ ሱቁን።

«ለልጅ ነው?»

«ለሹራብ ነው።»

ሰውየው ነገሩን ሳስረዳው ከእኔ ብሶ ጓጓ። የሁሉም እርሳስ ቁመት አንድ ዓይነት መሆኑን በምን እናውቃለን ብሎ ካለው ካርቶን ሁሉ አንድ አንድ አወጣ። ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ባለ መስመሩን ባንኮኒው ላይ ደርድረን፣ ጭራቸውን ከግድግዳው ጋር አስተካክለን ጎንበስ ብለን አየን። ከኋላ ወረፋ የያዘ ሰው ሳይቀር አንገቱን አሰገገ። ሰባቱም ቁመታቸው አንድ ነበር! ቢጫውን ይዤ እንደ ሎተሪ አሸናፊ ወደ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴም ያን ቀን ለልጅቷ ስም አወጣላት፤ «መሐንዲሷ» አላት።

ደረቱንና ጀርባውን በሁለት ሳምንት ጨረስኩ። እጅጌው ቀረ። በየቅዳሜው በሕፃኑ መታጠቢያ ሰዓት ብደውልም ልጄ እርጥብ እጇን እየጠራረገች እሷው ታነሳዋለች። «ፈተና ላይ ናት፣ ከክፍሏ አትወጣም» ትለኛለች። በሦስተኛው ቅዳሜ መሐንዲሷ አነሳችው።

«ሦስት እርሳስ» አለች፤ ጥያቄዬን ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደያዘችው ነው።

«ከብብትሽ እስከ አንጓሽ?»

«አዎ።»

«ሦስት?»

«ሁለቴ ነው የለካሁት።» ድምፅዋ ቀዘቀዘ። «አላመኑኝም?»

ቢጫው እርሳስ ጭኔ ላይ ነው። ሦስት እርሳስ ማለት የባለቤቴን እጅጌ አልፎ ይሄዳል። ነገር ግን ያን «አላመኑኝም» ስትል፣ በር ላይ ቆሞ አንድ እግሩን አስቀድሞ እንዳወጣ ሰው ነበረች።

«አምኜሻለሁ» አልኳት። ዘጋችው።

ባለቤቴ በሳቅ ሞተ። «ሦስት! ልጅቷ ሰው ናት ወይስ ሽመላ? ስሚኝ፣ አርባ ዓመት በርና መስኮት ሠርቻለሁ፤ እጀታ የት እንደሚቀመጥ የምናውቀው የሰው ክንድ የት እንደሚደርስ ስለምናውቅ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ክንድ ሦስት እርሳስ አይሞላም። አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ ነው የሚባለው።»

«ሁለቴ ለክቻለሁ ብላለች።»

«ሲሶውን ቀንሺው።»

«ከቀነስኩት ምኑን ጠየቅኳት?»

እንዲህ አሰብኩት። ቀንሼው ልክ ቢሆን፣ እኚህም ሴትዮ አላመኑኝም ትላለች፤ ሄዳ አክስቷ ዘንድ ትከርማለች። ሳልቀንሰው ቢረዝም፣ ይስቁባታል፤ ያኔም ትሄዳለች። ወይ ደግሞ እውነት ክንዷ ረጅም ቢሆንስ? አይቻታለሁ እንዴ? ቁም ሣጥን አናት ላይ ያለ ዕቃ ቆማ የምታወርድ ልጅ ብትሆንስ? ሌት ተቀን እሷን በዓይነ ሕሊናዬ ስሥል ከረምኩ።

መጨረሻ ላይ ሦስቱንም እርሳስ ሠራሁት። አንዲት ብልሃት ብቻ ጨመርኩ። ሁልጊዜ እጅጌ የምጀምረው ከአንጓው ነው፤ ወደ ትከሻ እየሰፋ ይወጣል። ያንን ከትከሻው ጀምሬ ወደ ታች አወረድኩት። ሹራብ ከጀመሩበት በኩል አይተረተርም፣ ከጨረሱበት በኩል እንጂ። ቢረዝም መጨረሻው እጇ ጋ ነው ያለው፣ ፈትቶ ማሳጠር ይቻላል።

ባለቤቴ ግን አይለቅ። «ቆይ፣ አመንሻት ወይስ አላመንሻትም?»

«አመንኳት። ጃንጥላ ይዞ የወጣ ሁሉ ሰማዩን ውሸታም ብሏል ማለት ነው?»

ሄድን። ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ደረስን። ቅዝቃዜው አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። አማቼ ሻንጣችንን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ አስገባን፤ ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ሕፃኑ አይቶኝ አለቀሰ። መሐንዲሷ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ግማሿ በሩ ጀርባ፣ ግማሿ ከእኛ ወገን ሆና ቆማለች። ቀጭን፣ ቅንድቧ ሰብሰብ ያለ። ሌላውን ሁሉ ትቼ ክንዷን አየሁ። እንደ ማንኛውም ልጅ ክንድ ነበር። ከእግሯ ሥር የተዘጋች ሰማያዊ ቦርሳ ተቀምጣለች።

ሻይ እንደ ጠጣን ሹራቦቹ ወጡ። አማቼ የእሱን ለብሶ ክንዱን እያወዛወዘ «እናቴ፣ ምሰሶ ላይ እኮ ንፋስ አይነካኝም!» አለ። ልጄ በመስተዋት ዞረች። ሕፃኑ ቢጫውን ለብሶ ጫጩት መሰለ። አረንጓዴውን ዘረጋሁላት። ተቀበለችኝና አጠለቀችው። ደረቱ፣ ጀርባው፣ ቁመቱ ልክክ አለ። እጅጌው ግን ወረደ፣ ወረደ፣ ጣቶቿን ዋጠና ጉልበቷ ጋ ተንጠለጠለ። ሕፃኑ ሮጦ ጫፉን ይዞ ተወዛወዘበት።

«ይሄ እጅጌ ነው ወይስ የእሳት አደጋ ቱቦ?» አለ አማቼ፤ ያ ሳቁ ቤቱን ሞላው። ክፉ አይደለም፣ ሳቁ ትልቅ ነው እንጂ። መሐንዲሷ መጀመሪያ እጅጌውን፣ ከዚያ እኔን አየች። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

«አላልኩሽም እማዬ?» አለች ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድ እውነት አይወጣትም።»

እኔ ግን ድምፄን ከፍ አደረግኩት፣ በሩን አልፎ እንዲገባ። «ደረቷን የነገረችኝ ልክ ሆነ። ቁመቱን የነገረችኝ ልክ ሆነ። በሁለቱ እውነት የተናገረች ልጅ በሦስተኛው ምን አግኝታ ትዋሻለች? ምክንያት አለው፣ እኛ አላወቅነውም።»

ጠዋት አክስትየዋ ሳትመጣ ማዕድ ቤት ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ የበሩ ድምፅ ተሰማኝ። መሐንዲሷ ሹራቡን ለብሳ፣ ሁለቱን እጅጌ እንደ እቅፍ እንጨት ታቅፋ መጣች። ለብሳው አድራ ይሆን እንጃ።

«እርስዎ በምን ለኩት?»

የመርፌ ቦርሳዬን ከፍቼ ቢጫውን እርሳስ ሰጠኋት። እሷም ከእጅጌው ውስጥ የራሷን አወጣች። ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ጭራቸውን በጣቷ አስተካከለች። የእሷ ተቀርጾ ተቀርጾ ሲሶው አልቋል።

ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ቀረን።

«ፈተናው!» አለች። «ሒሳብ፣ ከዚያ ሳይንስ... በየቀኑ ነው የቀረጽኩት፤ ከዚያ ወዲህ አልጻፍኩበትም። ደረቴን የለካሁት ሳይቀረጽ ነው። እጄን የለካሁት...» ዓይኗ ፈጠጠ። «እጄ አይደለም የረዘመው፣ እርሳሱ ነው ያጠረው!»

ባለቤቴ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። «ያንቺ ሦስት የሷ ሁለት ነው!» ብሎ ግንባሩን መታ። «እኔ አርባ ዓመት እርሳስ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ በቢላ እየቀረጽኩ... ይሄ ሳይገባኝ! ሽማግሌ ምን ይሠራል፣ ቅበሩኝ!»

ልጄና አማቼ በሩ ላይ ነበሩ። ልጄ ሁለቱን እርሳስ አየች፣ ከዚያ ልጅቷን። «ሁለቴ ለክተሽ ነበር ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ሁለቴ ነዋ፣ ብያለሁ እኮ» አለች መሐንዲሷ፣ ሳትቆጣ። ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ግን አልጠረጠርሽም? ሦስት እርሳስ እኮ የትልቅ ሰው ነው።»

«ጠርጥሬያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ሠራሽው?»

«ሦስት ነው አልሽኝ።»

ይሄንን እንደ ሒሳብ ጥያቄ ቅንድቧን ሰብስባ አሰበችበት። ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝና፣ «ሁሉም ይተረተራል ብለሽኝ አልነበር? አሳዪኝ» አለች።

ቋጠሮውን ፈታሁላትና ጫፉን አስያዝኳት። ሳበች። ክሩ ቀለበት በቀለበት ጠጠጠጠ እያለ ሲመጣ አፏ ተከፈተ። ልጄ ሳትጠራ መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የሚመጣውን ክር በመዳፏ ላይ ትጠቀልል ጀመር። አንዷ ትስባለች፣ አንዷ ትጠቀልላለች፤ አንድ ክር ለሁለት ይዘዋል፤ እኔም ዓይኔን ወደ ሻዬ መለስኩ።

አንድ እርሳስ ሙሉ ከተተረተረ በኋላ አስቆምኳትና ክፍት የሆኑትን ቀለበቶች በመርፌ ለቀምኳቸው። እንዴት እንደሚቋጠር እያሳየኋት፣ አራት አምስት እሷ ራሷ ከቋጠረች በኋላ፣ ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

አክስቷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ጥፍሯ የተቀባ፣ ወሬዋ የሚፈጥን፣ ደግ። «ተዘጋጅተሻል ቆንጂት? እንኳን ደህና መጣችሁ እናቴ! ቦርሳዋን መኪና ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ ኮሪደሩ ላይ አግኝቼው። ወየው፣ ልብስሽ ምን ሆነ?»

አንዱ እጅጌ አንጓዋ ላይ ልክ ሊሆን ጥቂት ቀለበት ቀርቶታል፤ ሌላው ጉልበቷ ጋ ይወዛወዛል።

«ልቋጥር ነው» አለች መሐንዲሷ ቀና ሳትል።

አክስትየዋ ቆማ ጠበቀች። አማቼ ያን ትልቅ አፉን ገጥሞ ግድግዳውን ያያል። ልጄ ክሩን ይዛ አልተነሳችም። ማንም ቅሪ አላላትም። እኔም እንድል ምላሴን በላኝ፤ ነከስኩት። የመጨረሻዋን ቀለበት ቋጠረች፣ ክንዷን ዘርግታ አየችው፣ ከወንበሩ ወረደችና ወደ መኪናው ወጣች።

በመስኮት አየናት። የመኪናውን በር ከፈተች፣ ወደ ውስጥ ጎነበሰች፣ አረንጓዴ ጀርባዋ ብቻ ታየን። ባለቤቴ የተቀመጠበትን ወንበር መነቅነቅ አቆመ።

ሰማያዊ ቦርሳዋን ጎትታ አወጣችው። ብረት እጀታው ቀዝቅዞ ኖሯል መሰለኝ፣ በዚያ በረጅሙ እጅጌ ጠቅልላ ያዘችውና ውርጭ በያዘው ሣር ላይ እየሳበች ወደ ቤት ተመለሰች።

«አክስቴ፣ ለሌላ ጊዜ ልምጣ? ይሄን ትቼ ብሄድ ሌላ ሰው ይተረትረዋል» አለች። ከዚያ ልጄን፣ እኔንና አባቷን በየተራ አየችን። «ሁለተኛው የእኔ ነው፣ ማንም እንዳይነካው። መጀመሪያ ግን ቁርስ እበላለሁ።»